ቀይ የቀባሁት ቤት

«አንች ብትሆኚ የት ታድሪ ነበር?»

ይህን የጠየቁኝ ወይዘሮ ይታይሽ የሚባሉ የስማዳ ሴት ናቸው። ጊዜው ጥር፣ ቦታው ወገዳ ከተማ፣ የወረዳው አዳራሽ ነው። እኔ ከተመረቅኩ ዓመት ያልሞላኝ የውሃ መሐንዲስ ነኝ። ጎርፍን ሳይመጣ በኮምፒውተር የሚተነብይ አንድ ፕሮጀክት ቀጥሮኝ፣ የአካባቢውን ወንዝ ካርታ ሠርቼ፣ ግድግዳው ላይ አብርቼ እያሳየሁ ነበር። ሰማያዊው ወንዙ ነው፣ ቢጫው ያሰጋል፣ ቀዩ ክረምት ሲገባ ውሃ ይበላዋል እያልኩ። ቀዩ ውስጥ ከወደቁት ቤቶች አንዱ የእሳቸው ነው። ተነሱ፣ ነጠላቸውን አስተካከሉ፣ ጠየቁኝ። ስብሰባውን የሚመሩት ሰውዬ ግን «ጥያቄው ይያዝ፣ ምሳ ደርሷል» አሉ። ተያዘ። ደስ አለኝ። መልስ አልነበረኝማ። በፕሮጀክቱ መኪና እንደመጣሁ በፕሮጀክቱ መኪና ያንኑ ቀን ተመለስኩ።

ይህን የምጽፈው ወረታ ላሉ ዘመዶቼና ጓደኞቼ ነው። ስማዳ ስላቸው «ከላሊበላ ወዲህ ነው ወዲያ?» ለሚሉኝ። እኔም ብሆን ካርታውን የሠራሁት ከእነሱ ብዙም ሳልሻል ነው።

ግንቦት ላይ አለቃዬ «ክረምት ሳይገባ ካርታውን መሬት ላይ አረጋግጪ» አለኝ። መኪናው ሌላ ሥራ ላይ ነበር። ወንዙ የሚነሳው ከጋይንት ስለሆነ ከላይ ጀምሬ፣ በሕዝብ ትራንስፖርት እየተሳፈርኩ፣ ወደ ስማዳ እንድወርድ፣ ከዚያ በእስቴ በኩል እንድመለስ ተስማማን።

ሐሙስ

ከወረታ በጠዋት ተነሳሁ። እናቴ የሩዝ ዳቦ በፌስታል ቋጥራ ሰጠችኝና «ላዩ አገር ብርድ ነው፣ ካልሲ ደርቢ» አለችኝ። አልደረብኩም። ሰው ሲመክረኝ ጆሮዬ ይደፈናል። በሽታዬ ነው።

አውቶቡሱ ደብረ ታቦርን አልፎ የጉናን ዳገት ሲያያዘው መስኮቴ አልዘጋ አለ። ረዳቱ መጥቶ በቡጢ መታው፤ ባሰበት። ከጎኔ የተቀመጡ ሴትዮ ምንም ሳይሉ የጋቢያቸውን ግማሽ ወደ እኔ ወረወሩት። ንፋስ መውጫ እስክንደርስ በማላውቃቸው ሴት ጋቢ ተጠቅልዬ፣ ሙቀታቸውን እየተካፈልኩ ሄድኩ። ስሜን እንኳ አልጠየቁኝም። ወረታ ቢሆን የማን ልጅ እንደሆንኩ ሳይጣራ ጋቢ አይወጣም።

ንፋስ መውጫ ንፋሱ ሰው ይገፋል። እኛ በዚያ ሙቀት ንፋስ ሲነሳ እሰይ ብለን በር እንከፍታለን፤ እዚህ በሩን በድንጋይ ይደግፉታል። አልጋ የያዝኩበት ቤት ባለቤት ድንች ወጥ አቀረበችልኝና እግሬን አየችው።

«እናት የለሽም እንዴ?»

«አለችኝ።»

«ታዲያ አልነገረችሽም?»

 ሄዳ የራሷን የሱፍ ካልሲ አምጥታ አልጋዬ ላይ ጣለችው። ጠዋት ልመልስላት ስል «ወዴት ነሽ?» አለች። ስማዳ አልኳት። «በይ ይዘሽው ሂጅ፤ እዚያ ቆላ ስትደርሽ አውልቀሽ ትሰጭልኛለሽ ለሌላ ሰው» አለችኝ።

አርብ

ወደ አርብ ገበያ የሚወስደው ሚኒባስ ከሰው ይልቅ አህያ እየጠበቀ ነው የሄደው። የገበያ ቀን ስለሆነ መንገዱ በእግረኛ ሞልቷል፤ ሹፌሩ ጡሩምባ ይነፋል፣ አህያዋ ዞር ብላ ታየዋለች፣ አትነቃነቅም። ባለቤቷ ደግሞ «ቀስ በል፣ እሷም ገበያ ነው የምትሄደው!» ይለዋል።

ወንዙን ከምንጩ ላይ ለማየት ከከተማው ወጣ ብዬ ሄድኩ። ዘልዬ የተሻገርኩት ነገር ነው። ቆሜ ሳቅሁ። ኮምፒውተሬ ላይ አስፈሪ ሰማያዊ እባብ ነበር፤ እዚህ ላም ቆማበት ትጠጣለች። ስዘል ግን የጫማዬ ሶል ተገነጠለ። እየጎተትኩት ገበያው መሐል ደረስኩ። አንድ ጫማ ሰፊ ተቀብሎ አገላብጦ አየው።

«ይች ጫማ የመኪና ናት» አለኝ። «የእግር አይደለችም።»

«ሰፍተህ ስጠኝ እንጂ ምን አገባህ?» አልኩት። ቸኩዬ ነበር።

«ይች ልጅ ደግሞ ከጫማዋ ቀድማ ተገንጥላለች!» አለ ለጎረቤቱ፤ ሁለቱም ሳቁ። ግን በሰም በተቀባ ድርብ ክር ሰፋልኝ። ሲጨርስም አፈሩን በመዳፉ ጠርጎ፣ ማሰሪያውን አላልቶ፣ እግሬ ስር አስቀመጠልኝ።

ቅዳሜ

ወደ ስማዳ በአይሱዙ ጭነት ላይ ተሳፈርኩ። ከጎኔ ዶሮ የታቀፈ ሰውዬ ነበር። ወሬ የሚወድ ነው። ዶሮዋን እንድይዝለት ሰጥቶኝ፣ ትንባሆ የመሰለ ነገር ከኪሱ ፈልጎ፣ አጥቶ፣ ወሬውን ቀጠለ።

«ማክሰኞ እኛ ሰፈር ትልቅ ደቦ አለ። የእነ ሞላን ጎጆ ልናነሳው ነው።»

«ለምን?»

«አንዲት ልጅ መጥታ ጎርፍ ይበላችኋል ብላቸው ነዋ። ኢንጅነር ናት አሉ። ዝናቡን ከኮምፒውተር እያወጣች ታያለች።»

ዶሮዋ እጄ ላይ ተንፈራገጠች። አቶ ሞላ ማለት የወይዘሮ ይታይሽ ባል ናቸው። እኔ ጥር ላይ ያሳየሁት ካርታ ረቂቅ ነው፤ ይህን ያህል የደረሰ አልመሰለኝም ነበር።

«ጎበዝ ናት ልጅቱ?» አልኩት።

«እኔ እንጃ። የተማረች ናት። እንዲሁ አትናገርም መቼስ።»

የደቦን ነገር ለወረታ ሰው ላስረዳ። እኛ ጋ ቤት ቆርቆሮ ነው፣ ከቆመበት አይሄድም። እዚህ የሳር ጎጆ ጣሪያው እንዳለ ይነሳል። ሰፈሩ ሁሉ ይጠራል፣ ባለቤቷ ጠላ ትጠምቃለች፣ ወንዶቹ ጣሪያውን ከግድግዳው አላቀው ከነጉልላቱ በትከሻቸው ይሸከሙትና አዲስ ቦታ ላይ በተሠራ ግድግዳ ላይ ይጭኑታል። ደቦ አንዴ ከተጠራ አይመለስም። ጠላው ተጠምቆ፣ ሰው ሥራውን ትቶ መጥቶ «ተውት» ማለት ውርደት ነው።

አይሱዙው አዲሱ የጠጠር መንገድ ላይ አወረደኝ። የቀበሌው የግብርና ባለሙያ ደሴ እየጠበቀኝ ነበር፤ ዕድሜው የእኔ ነው፣ ሳቁ ግን የልጅ።

«በአንቺ ካርታ የሚነሳ የመጀመሪያው ቤት ነው እኮ! ማክሰኞ ቆይተሽ ፎቶ ብንነሳ አሪፍ ነበር» አለኝ።

ቁልቁል ወረድን። የእነ አቶ ሞላ ጎጆ ከሩቅ ታየኝ፣ ከወንዙ ዳር ጥቂት ራቅ ብሎ። ወንዙን ግን አላየሁትም። «የታለ ወንዙ?» አልኩት። ደሴ ክንዴን ያዘኝ፣ «ቀስ በይ» ብሎ ጥቂት አስራመደኝና አቆመኝ። እግሬ ስር መሬቱ ተሰንጥቋል። ጠባብ የአለት ገደል፣ ወዲያ ማዶ ሰው ቢቆም ሳትጮሂ የምታወሪው፤ ውሃው ግን ከታች፣ እሩቅ፣ ጨለማ ውስጥ ይሰማል።

እዚያው ቆሜ ስህተቴ ገባኝ።

ሞዴል የምንለው ነገር እንዲህ ነው። ኮምፒውተሩ አገሩን እንደ ሒሳብ ደብተር በካሬ ይከፋፍለዋል። እያንዳንዱ ካሬ ከሳተላይት የመጣ አንድ ከፍታ ብቻ አለው። ከዚያ ዝናብ እናዘንብበታለን፤ ውሃው ከከፍተኛው ካሬ ወደ ዝቅተኛው ይሄዳል፣ የሞላው ይፈሳል። ለእኛ ለፎገራ ሜዳ ድንቅ ነው፤ እኛ ጋ ውሃ ይተኛል፣ ቀስ ብሎ ደጅ ይመጣል፣ ይገባል፣ ከርሞ ይወጣል። እኔ ጎርፍ ስል ከልጅነቴ የማውቀው እሱን ነው። የእኔ ካሬ ግን አንዱ ብቻውን የእነ አቶ ሞላን ግቢ ከነጓሮው ይውጣል። ገደሉ ከካሬው ይጠባል። ኮምፒውተሩ የገደሉንና የዳሩን ከፍታ በአማካይ አንድ ቁጥር አድርጎ ሰጠው። ያም ማለት ገደሉን ደፈንኩት። ውሃው መሄጃ ሲያጣ በሰው ደጅ አወጣሁትና ቀይ ቀባሁት።

ገና ይህን ሳልውጠው ዝናብ መጣ። የግንቦት ዝናብ ነው፣ ድንገት ዱብ ብሎ የሚሄድ። ከአንድ ወይራ ስር ተጠለልን። ከላይ በኩል የሚያጓራ ድምፅ ሰማሁ። አዲሱ መንገድ ስር የተቀበረው ቱቦ ነው፤ የተራራው ውሃ ሁሉ መንገዱ ላይ ተገድቦ በዚያ አንድ ቱቦ ይተፋል። የተፋው ውሃ ሳር ለሳር ወርዶ፣ አዲስ የተማገረ የግድግዳ እንጨት መሐል ገባና በሌላ በኩል ወጣ።

«ያ ምንድን ነው የቆመው?»

«የእነ ጋሽ ሞላ አዲሱ ቦታ ነዋ። ካርታሽ ላይ ነጭ ነው፣ ምንም አይነካውም።»

«መንገዱ መቼ ነው ያለቀው?»

«ካለፈው ክረምት በኋላ። ለጥምቀት መኪና ገባበት።»

ስለዚህ ይህ ቱቦ ክረምት አይቶ አያውቅም። ቱቦውንም ክረምት ላይ ያየ ሰው የለም። የእኔ ሳተላይት ደግሞ መንገዱ ሳይታሰብ ነው ፎቶውን ያነሳችው። የግንቦት አንድ ዝናብ ይህን ካደረገ ሐምሌ ምን ያደርጋል? ዝናቡ አባራ፣ ውሃው ጠፋ፣ እዚያ ስንደርስ ርጥብ ሳር ብቻ ነበር። ደሴ «ቦይ ቢጤ እንቆፍርለታለን» አለና አለፈው።

እኔ አፌን መያዝ የማልችል ሰው ነኝ። ጓደኞቼ ምስጢር አይነግሩኝም። በሩ ላይ እንደደረስኩ ለመናገር ቆርጬ ነበር። ወይዘሮ ይታይሽ ግን ቀደሙኝ።

«መጣች! መጣች ኢንጅነሯ! ስምሽ ማን ነበር?»

«ትዕግስት።»

«ኧረ ባክሽ? እንዲያ ከአዳራሹ ስትሮጭ አይቸ ሌላ ስም መስሎኝ!» ሳቁና አቅፈው ሳሙኝ። መደብ ላይ አስቀመጡኝ። ከዚያ ሙቅ ውሃ በጣባ ይዘው መጡና እግሬ ስር ተንበረከኩ።

«ኧረ አይሆንም! እኔ ልታጠብ፣ እርስዎ ይነሱ!»

«ዝም በይ። ከሩቅ የመጣ እግር ነው። እንግዳ እግሩን ራሱ አይታጠብም።»

እናቴን የሚያህሉ ሴት የእግሬን ጭቃ በአውራ ጣታቸው እየፈገፈጉ አጠቡልኝ። ጣቶቼን አንድ በአንድ። አሁን ወረታ ቁጭ ብዬ ስጽፈው እንኳ እግሬን የማስገባበት ይጠፋኛል። አጥበው ሲጨርሱም ጎንበስ ብለው እግሬን ሳሙት።

ጓዳ በኩል ልጃቸው ስንዱ አራስ ተኝታለች፤ ለመውለድ ነው ወደ እናቷ የመጣችው። ሕፃኗን አሳየችኝ። «አዲሱ ቤት ነው ክርስትና የምናነሳት» አለችኝ። የገብስ እንጀራ በሽሮ ቀረበ፣ ላዩ ላይ እንቁላል። አንዴ ጎርሼ እጄን ሰበሰብኩ።

«አፈር ስሆን ብይ! ምን ሆነሽ ነው?» አሉ ወይዘሮ ይታይሽ።

«ይህ ቤት ጥሩ ነው» አልኩ። ያወጣሁት ይህን ብቻ ነው።

አቶ ሞላ ረዥም ናቸው፣ ነገር የሚያበዙ ሰው አይደሉም። «ጥሩ ነበር» አሉ። «ልጆቼን ሁሉ ያሳደግሁበት ነው። መልቀቁ ከብዶኝ ነበር፣ አልዋሽሽም። እሷ ናት ‹ልጅቱ ለእኛ ብላ ይህን ሁሉ ደክማ› ያለችኝ። እኔም አሰብሁት። ስንዱና ሕፃኗ አሉ፤ በሰው ልጅ አልቀልድም አልሁ።»

እሺ፣ አሁን ተናገሪ። አልተናገርኩም። ምናልባት ተሳስቼ ይሆናል፣ ኮምፒውተሩ ላይ ዳግም ሠርቼ ላረጋግጥ አልኩ ለራሴ። ላፕቶፔ ባትሪ ጨርሷል። ለዚህም አምላኬን አመሰገንኩ። ወይዘሮ ይታይሽ ምርጥ አጎዛቸውን መደቡ ላይ አንጥፈውልኝ ተኛሁ።

እሁድ

ከቅዳሴ በኋላ መምሬ ማስታወቂያ ተናገሩ፤ የማክሰኞው ደቦ እንዳይረሳ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «ልጀ፣ ይባርክሽ፤ ሰው ሳይጠፋ የምታስቢ» አሉኝ። ሴቶች ዓይኔን ፈልገው ሰገዱልኝ። ካልሲዬን እያየሁ ቆምኩ።

ከሰዓት በኋላ ገደሉን ልለካ አልኩ። አቶ ሞላ ለደቦው ያዘጋጁትን ረዥም ጠፍር አምጥተው፣ ጫፉ ላይ ድንጋይ አስረው አወረዱልኝ። ጠፍሩ ሄደ፣ ሄደ፣ ሊያልቅ ሲል ረገበ። ማዶ አለቱ ላይ የበቀለ ቁጥቋጦ አየሁ፤ ያለፈው ክረምት ጎርፍ ያመጣው ደረቅ ሳርና ጭራሮ ተንጠልጥሎበታል። ጎርፉ የደረሰበት ምልክት ያ ነው። የገደሉን ግማሽ እንኳ አልሞላም። የቤቱ ደጅ ከዚያ ሲታይ ሰማይ ላይ ነው።

«ጥሩ ነው?» አሉኝ አቶ ሞላ።

«ጥሩ ነው» አልኩ። ስለ ገደሉ ነበር፤ እሳቸው ስለ ካርታዬ መስሏቸው ራሳቸውን ነቀነቁ።

እውነቱን ልናገር፤ ሸሸሁ። ነገ እስቴ ሥራ አለብኝ ብዬ ተነሳሁ። ሥራ አልነበረኝም። ወይዘሮ ይታይሽ ማር በጠርሙስ ሞልተው በጨርቅ ጠቀለሉልኝ፤ ለእናትሽ አሉ። አቶ ሞላ ቦርሳዬን ተሸክመው እስከ መንገዱ ሸኙኝ፣ በዚያ ቱቦ ላይ ቆመን መኪና ጠበቅን። ጫማቸው ስር ነበር ቱቦው። ፒካፑ ሲመጣ «ክረምቱ አልፎ እንገናኝ» አሉኝ። አዎ አልኩ።

ሰኞ

የእስቴዋ መካነ ኢየሱስ ደህና ከተማ ናት። መብራት አለ፣ አውቶቡስ አለ፣ ሰው ጉዳይ ይዞ ይሮጣል፤ ወረታን ትመስላለች፣ ዳገቱ ሲቀነስ። ያደርኩበት ቤት ቁርስ ፍርፍር ቀረበልኝ። እየበላሁ ላፕቶፔን ሰካሁና ገደሉን በለካሁት መጠን ቆፈርኩት፤ ቱቦውን አስገባሁ፤ የሐምሌ ዝናብ አዘነብኩ። የወይዘሮ ይታይሽ ቤት ላይ የነበረው ቀይ ጠፋ። አዲሱ ቦታ ላይ ሰማያዊ ክር መጣና ወፈረ፤ የተማገረውን ግድግዳ ሁሉ ሸፈነው።

አለቃዬን ደወልኩለት። ሰማኝ፤ ክፉ ሰው አይደለም።

«ካርታው ላይ ረቂቅ የሚል ተጽፏል አይደል?» አለኝ።

«ማን ያነበዋል? ነገ ቤቱን ሊያነሱት ነው!»

«ትዕግስት፣ ተረጋጊ። ቤቱን የምናነሳው እኛ አይደለንም። በሚቀጥለው ዕትም እናርመዋለን፣ ለወረዳው በደብዳቤ ይገለጻል።»

«አራስ አለች እኮ!»

«በደብዳቤ አልኩሽ።»

ዘጋሁበት። ደሴ ጋ ደወልኩ፤ ኔትወርክ የለም። ደግሜ፣ ደጋግሜ ደወልኩ። የደብረ ታቦሩ አውቶቡስ ሊነሳ ነበር፤ ቦርሳዬ ጣሪያው ላይ ታስሯል፣ ወንበሬ ላይ ተቀምጫለሁ፣ ማሩ ጭኔ ላይ ነው። ማሰሮ ቢሆን ይቀለኝ ነበር፤ ጠርሙስ ስለሆነ ውስጡ ይታያል። ሞተሩ ሲነሳ ተነሳሁ።

«ቦርሳዬን አውርድልኝ!»

«አሁን? አብደሻል እንዴ?» አለ ረዳቱ።

«አውርድ ብየሃለሁ!»

«ወዴት ልትሄጅ?»

«ስማዳ ልመለስ።»

«ኦሆ! ልቧን እዚያ ረስታ ነው» አለ ከኋላ አንዱ። «ቆንጆ ነው?» አለች ሌላዋ። አውቶቡሱ በሙሉ ሳቀ። አንድ ሽማግሌ ብቻ «ተዋት፣ የረሳ ሰው ይመለሳል» አሉ። ቦርሳዬ ከላይ ወደቀ። ከሰዓት በኋላ የወገዳ መኪና አገኘሁና ሄጄ እዚያው አደርኩ።

ማክሰኞ

ሞተር ሳይክል ያለው ልጅ እስከ ጠጠሩ መንገድ አደረሰኝ። ከዚያ ቁልቁል ሮጥኩ። ሁለት ጊዜ ወድቄያለሁ፤ ሱሪዬ እስከ ጉልበቴ ጭቃ ነው። ከታች የደቦው ድምፅ ይመጣል፤ አንዱ ያወጣል፣ ሌላው «ሆ!» ብሎ ይቀበላል።

ስደርስ ጣሪያው ተነስቷል። ወንዶቹ ከሳሩ ስር ገብተው ጭንቅላታቸው አይታይም፤ የሚታየው እግር ብቻ ነው። ጎጆው እግር አብቅሎ ሊሄድ የተነሳ ይመስላል። የቀረው ግድግዳ ራሱን እንደተላጨ ሰው ተራቁቷል። ስንዱ ሕፃኗን አቅፋ ከዛፍ ጥላ ስር ተቀምጣለች። አቶ ሞላ ከፊት ሆነው በዱላቸው መንገድ ያሳያሉ።

«ቁሙ! ኧረ በእግዚአብሔር ቁሙ!»

አቶ ሞላ አዩኝ፣ ፊታቸው በራ። እጃቸውን አነሱ። «ቁሙ! ኢንጅነሯ መጥታለች፣ ትመርቅልን!»

«ቶሎ ትመርቅ፣ ትከሻችን ተቆረጠ!» አለ ከጣሪያው ስር አንድ ድምፅ። ሳቅ ሆነ።

«ምርቃት አይደለም» አልኩ። ትንፋሼ ይቆራረጣል። «ካርታው ስህተት ነው። እኔ ነኝ የተሳሳትኩት። ገደሉ ጥልቅ ነው፣ እዚህ ውሃ አይደርስም። ውሃ የሚመጣው እዚያ ነው፣ አዲሱ ቦታ ላይ። የመንገዱ ቱቦ እዚያ ነው የሚተፋው። ክረምት ሲገባ በግድግዳው መሐል ያልፋል።»

ሳቁ ቆመ። ደሴ ከሰው መሐል ወጥቶ «ቀይ ነበር እኮ፣ ሪፖርት አድርጌያለሁ» አለኝ ቀስ ብሎ፣ እንደሚለምን ሰው።

አቶ ሞላ ዱላቸውን መሬት ላይ ተከሉ። «መቼ አወቅሽ?»

የፈራሁት ይህን ነበር። «ቅዳሜ» አልኩ።

«ቅዳሜ? እሷ እግርሽን ስታጥብ?»

«ከዚያ በፊት።»

 ፊቴን የማዞርበት አቅጣጫ አጣሁ፤ በሁሉም በኩል ሰው አለ። እነዚያ በቤተ ክርስቲያን የሰገዱልኝ ሴቶች አሁን ያዩኛል። ወቀሳ ቢሆን እችለዋለሁ፣ እኔም አፍ አለኝ። ዝም ብለው ነው የሚያዩኝ።

«ኧረ እናንት ሰዎች!» አለ ከጣሪያው ስር ያ ድምፅ። «ወደፊት ነው ወደኋላ? አንገታችን ሊገባ ነው!»

ወይዘሮ ይታይሽ ከሴቶቹ መሐል መጡ። እጃቸው እስከ ክንዳቸው በጠላ ርሷል። ፊት ለፊቴ ቆሙ።

«ትናንት ቀይ አልሽ፣ ዛሬ ነጭ ትያለሽ» አሉኝ። አልጮሁም። «ነገ ክረምት ሲገባ አንች አገርሽ ነሽ። እኔ አራስ ይዠ በየትኛው ቃልሽ ልደር?»

እውነታቸውን ነው። ላፕቶፑ ጀርባዬ ላይ ነበር። አውጥቼ አዲሱን ካርታ ላሳያቸው እችል ነበር፤ ቀለሙ እንደተቀየረ። በቀለም ያሳሳትኳቸውን በቀለም ላሳምን? ቦርሳዬን አውርጄ እግሬ ስር አስቀመጥኩት። ጣሪያው በሰዎቹ ትንፋሽ ከፍ ዝቅ ይላል።

«ወይዘሮ ይታይሽ፣ ጥር ላይ ጠይቀውኝ ነበር። እኔ ብሆን የት አድር እንደነበር። አልመለስኩልዎትም።»

«ወደፊት ነው ወደኋላ?» ጮሁ ከስር፣ አሁን ሁሉም።

«እዚህ!» አልኩ፤ እኔም ጮህኩ፣ ከጣሪያው ስር ላሉትም እንዲሰማ። «እዚህ ነው የማድረው! ዛሬም፣ ሐምሌ ላይ ዝናቡ ሲበረታም መጥቼ፣ በዚህ ቤት መደብ ላይ፣ ከስንዱና ከሕፃኗ ጎን። ጣሪያውን መልሱት!»